«በጽሑፍ ስጡኝ» ማለት እንልመድ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከድሬዳዋ ነው። ጋዜጣችሁ እኛ ጋ አንዳንዴ ዘግይታ ብትደርስም ስትመጣ ከዳር እስከ ዳር ነው የማነባት። ዛሬ ግን እኔም የምለው ነገር ስላለኝ ትንሽ ቦታ ስጡኝ።

እኛ ድሬዎች ትልቁንም ትንሹንም «አንተ»፣ «አንቺ» ብለን ነው የምንጠራው። ከሌላ አገር የመጣ እንግዳ መጀመሪያ ይደነግጣል። አባቱን የሚያህል ሰው «አቦ፣ አንተ፣ ና እስቲ ተቀመጥ» ሲባል ሰምቶ ጠብ የተነሳ ይመስለዋል። ንቀት አይደለም፣ ቅርበት ነው። ከፊራ ገበያ ቲማቲም የምትሸጥ እናት ትልቅ ባለሥልጣን ፊቷ ቢቆምም «አንተ፣ ስንት ኪሎ ልመዝንልህ?» ነው የምትለው። ይህቺው እናት ግን አንድ ቢሮ በር ላይ ስትደርስ ድምጿ ይጠፋል። ሻሿን ታስተካክላለች፣ ጎንበስ ትላለች፣ ወረቀቷን በሁለት እጇ ይዛ ጥግ ትቆማለች። ልጇ የሚሆን ወጣት ከጠረጴዛው ቀና ሳይል «ነገ ነይ» ይላታል፤ እሷም «እሺ ጌታዬ» ብላ ትወጣለች። ለምን ነገ እንደሆነ አትጠይቅም። ነገም ትመጣለች፣ ከነገ ወዲያም ትመጣለች።

ይህን የማውቀው በሥራዬ ነው። ከአንድ መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ አለችኝ። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን፣ በዚህ ሙቀት ደግሞ ቀኑን ሙሉ የሚዞር ቬንትሌተር። አሥራ አንድ ዓመት ማመልከቻ ስጽፍ ኖሬያለሁ። ሰው በሩን አልፎ ሲገባ ፊቱን አይቼ ከየትኛው መስኮት እንደተመለሰ አውቃለሁ። የሚሉኝም ተመሳሳይ ነው፤ «ልመናዬን ጻፊልኝ» ይሉኛል። ማመልከቻ አይሉም፣ ልመና ነው የሚሉት። «በፈጠራችሁ አምላክ፣ እግራችሁ ሥር ወድቄ» ብለሽ ጀምሪልኝ የሚለኝ ብዙ ነው። ድሮ የነገሩኝን እንዳለ እጽፍ ነበር። አሁን አልጽፍም። «በትህትና አመለክታለሁ» የሚለውን ሳልነካ እንዳለ እተወዋለሁ፣ ሰላምታ ነውና ደስ ይላል። «እለምናለሁ» የሚለውን ግን አውጥቼ «በሕግ መሠረት እንዲፈጸምልኝ እጠይቃለሁ» እላለሁ። አንዳንዱ ደንበኛ ይፈራል። «እንዲህ ብንል አይቆጡም?» ይለኛል። ይቆጡ። ሕጉ ከእኛ ጋር ነው።

የትኛው ሕግ ላላችሁኝ፣ በ2012 የወጣ የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ አለ። ቁጥሩ 1183 ነው። የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን ብቻ ሳይሆን የአዲስ አበባንና የድሬዳዋን ከተማ አስተዳደር አስፈጻሚ አካላትም ይመለከታል። ይህ ለእኛ ለድሬዎች ትልቅ ነገር ነው። ግን ከመቶ ደንበኞቼ አንዱ እንኳ ሰምቶት አያውቅም። የሚለው ነገር ሲጠቀለል ይኸው ነው፤ አንድ መሥሪያ ቤት በአንተ ጉዳይ ላይ ሲወስን ውሳኔው በጽሑፍ መሆን አለበት፣ ምክንያቱም መገለጽ አለበት። አልተስማማህም? ቅሬታህን ለዚያው መሥሪያ ቤት ታቀርባለህ፣ አሁንም ካልረካህ ፍርድ ቤት ሄደህ ውሳኔው ይመርመርልኝ ትላለህ። «አይቻልም» ብሎ በአፍ መመለስና በሩን መዝጋት የሥራ ጠባይ አይደለም፣ ጥሰት ነው። በአፍ የተባለ ነገር ደግሞ ይግባኝ አይባልበትም። ማን አለ፣ መቼ አለ፣ ምን ብሎ አለ ስትባል የምታሳየው የለህም።

አንድ ጎልማሳ ደንበኛዬን ልንገራችሁ። ስማቸውን አልጠራም። የቤታቸውን የይዞታ ወረቀት ለማስተካከል ሁለት ዓመት ተመላልሰዋል። ሁለት ዓመት! ፋይሉ ጠፋ ተባሉ፣ ተገኘ ተባሉ፣ ሲስተም የለም ተባሉ፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው ተባሉ። በመጨረሻ ኃላፊው ተቀየረና አዲሱ ሰውዬ «መቼ አመለከቱና ነው የዘገየብዎ?» አላቸው። ይህን ሲነግሩኝ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ምክንያቱም እውነትም አንዲት ወረቀት አላስገቡም። ሁለት ዓመት ሙሉ የተመላለሱት በአፋቸው ነው። ያን ቀን ማመልከቻቸውን በሁለት ቅጂ አተምኩላቸው። አንዷን መዝገብ ቤት ያስገቡ፣ በሁለተኛዋ ላይ «ተቀብለናል» የሚል ማኅተም፣ ቁጥርና ቀን ያስመቱ፣ ካላስመቱ ከዚያ እንዳይወጡ አልኳቸው። ያቺ ቅጂ ከተመታች በኋላ ነገሩ በሁለት ወር አለቀ። ማንንም አልሰደቡም፣ ለማንም አልከፈሉም። የተቀየረው ወረቀቱ ብቻ ነው።

እኔ ለሌላው እንዲህ የምናገረው የራሴ ቤት ተቃጥሎ ስላየሁ ነው። ታናሽ ወንድሜ በልጅነቱ ፖሊዮ ይዞት በክራንች ነው የሚሄደው። አካውንቲንግ ተምሯል፣ ውጤቱ ጥሩ ነበር። አንድ የግል ድርጅት ማስታወቂያ አወጣ፣ ተወዳደረ፣ የጽሑፍ ፈተናውን አለፈ። ቃለ መጠይቅ ሲገባ የተጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ቢሮው ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ እንዴት ትወጣለህ?» ሌላ ጥያቄ አልነበረም። ስለ ሒሳብ አንድ ቃል አልጠየቁትም። በሳምንቱ «አልተመረጥክም» አሉት፣ እሱንም በስልክ። ወንድሜ አንድ ወር ከቤት አልወጣም። እኛም ቤተሰቦቹ «እግዚአብሔር የተሻለ ያዘጋጅልሃል» ብለን አጽናናነው እንጂ ሕግ አለ ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ሕግ ግን ነበር! በ2000 የወጣው የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ፣ ቁጥር 568። በአካል ጉዳቴ ምክንያት ተከለከልኩ የሚል ሰው ክስ ሲያቀርብ የማስረዳቱ ሸክም የእሱ አይደለም፤ ልዩነት አላደረግኩም ብሎ ማስረዳት ያለበት ቀጣሪው ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር ሳነብ አለቀስኩ። ስንት ዓመት ካለፈ በኋላ ነው ያነበብኩት። ብዙ ሰው መድልዎ ሲደርስበት ዝም የሚለው «በምን አስረዳለሁ?» ብሎ ነው። እዚህ ላይ ሕጉ ራሱ ያንን ጥያቄ መልሶለት ተቀምጧል፤ እኛ አላነበብነውም። ሕንፃውም ቢሆን እንዲሁ ነው። በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ፣ ቁጥር 624፣ ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ አካል ጉዳተኛ የሚገባበትና የሚንቀሳቀስበት መንገድ እንዲኖረው አዝዟል። እስቲ በከተማችን ዞር ዞር ብላችሁ ደረጃዎቹን ቁጠሩ። ወንድሜ አንዳንድ ቢሮ ጉዳይ ሲኖረው እታች በር ላይ ተቀምጦ እኔ ነኝ ወረቀቱን ይዤ የምወጣው። ጎበዝ ሰው ነው፣ የራሱን ጉዳይ በራሱ አፍ መናገር የሚችል። በር ላይ እንዲቀመጥ ያደረገው እግሩ አይደለም፣ ደረጃው ነው።

ስለ ሴቶች ደግሞ ልጻፍ፣ ይህኛው የዕለት እንጀራዬ ሆኗልና። አንዲት ልጅ መጣች፣ ሆዷ ገፍቷል። የምትሠራበት ቦታ አለቃዋ እርጉዝ መሆኗን ሲያውቅ «ከነገ ጀምሮ እንዳትመጪ፣ ስትወልጂ እንጠራሻለን» አላት። አመነችው። እኔ ጋ የመጣችው ከተባረረች አምስት ወር ሊሞላት ሲል ነው፣ ለዚያውም ለሌላ ጉዳይ ፎቶ ኮፒ ልታደርግ። እያወራን ነው ነገሩ የወጣው። እንግዲህ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ 1156/2011፣ አንዲትን ሴት በእርግዝናዋ ወቅትና ከወለደችም በኋላ እስከ 4 ወር ድረስ አሠሪው የሥራ ውሏን እንዳያቋርጥ ይከለክላል። የወሊድ ፈቃዷ ከመውለዷ በፊት 30 ቀን፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ነው፣ ደመወዟ ሳይቆረጥ። እርግዝና ሰው ለማባረር ምክንያት እንደማይሆን በግልጽ ተጽፏል፤ ብሔርም፣ ሃይማኖትም፣ የፖለቲካ አመለካከትም፣ የትዳር ሁኔታም እንዲሁ። ግን ቀነ ገደብ አለው። «ወደ ሥራዬ ልመለስ» የሚል ክስ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። ከዚያ ካለፈ በይርጋ ይታገዳል። ከስንብቱ የሚመጣ የክፍያ ጥያቄ 6 ወር ይሰጠዋል። ስለዚህ ያቺ ልጅ ሥራዋን አጥታለች፣ ገንዘቧ ግን ገና በእጇ ነበር። ሮጠን አስገባንላት። ለሥራ ክርክር ችሎት ሠራተኛ የሚያቀርበው ክስ የዳኝነት ክፍያ እንደሌለበትም ያን ጊዜ ነው የነገርኳት፤ «ብር ስለሌለኝ ነው ዝም ያልኩት» ስትለኝ። ገንዘቧን አገኘች። ሥራዋን አላገኘችም። ሁለት ወር ቀድማ ብትመጣ ኖሮ እያልኩ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እናንተ ሠራተኞች፣ በተለይ በየፋብሪካው፣ በየሆቴሉና በየሱቁ የምትሠሩ ልጆች፣ ስሙኝ። «እንጠራሻለን» የሚል ቃል ሦስት ወራችሁን ይበላባችኋል። የተባረራችሁበትን ቀን በስልካችሁም ቢሆን መዝግቡ። የስንብት ደብዳቤ ጠይቁ። ካልሰጧችሁ ራሳችሁ ጻፉ፤ «በዚህ ቀን በቃል አሰናብታችሁኛል፣ ምክንያቱን በጽሑፍ ስጡኝ» ብላችሁ አስገቡ። የደመወዝ ወረቀት፣ የባጅ ፎቶ፣ ከአለቃ የመጣ መልእክት፣ ምንም ነገር አትጣሉ።

አሁን ወደ ምርጫ ልምጣ። ልጄ 18 ዓመት ሞላት። እኔም «እንግዲህ መራጭ ሆንሽ» ስላት «ማዘር፣ የእኔ አንድ ድምፅ ምን ታመጣለች?» አለችኝ። ይህን የሚለው ብዙ ሰው ስለሆነ የመለስኩላትን ልጻፈው። ድሬዳዋ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የምትልከው 2 ሰው ብቻ ነው፣ ከ547 መቀመጫ ውስጥ። ከሌላው በላይ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል፣ ግማሽ መሙላት አይጠበቅበትም። በዚያ ላይ የከተማችንን ምክር ቤት የምንመርጠው እኛው ነን፣ የውኃውን፣ የመንገዱን፣ የደቻቱን ወንዝ ጎርፍ መከላከያ ጉዳይ የሚያየው ምክር ቤት። ሐምሌ 1998 መጨረሻ ላይ የደቻቱ ጎርፍ ከተማችንን የመታበትን ሌሊት ያየ ሰው ይህ ቀልድ እንዳልሆነ ያውቃል።

የመራጭነት መስፈርቱ ከባድ አይደለም። ኢትዮጵያዊ መሆን፣ 18 ዓመት መሙላት፣ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር መኖር። ይህ በምርጫ አዋጁ በ1162/2011 ያለ ነው። መታወቂያዬ ጠፋ ብለው የሚቀሩ አሉ፤ መታወቂያ የሌለው ሰው በሌላ ሰነድ ወይም በሚያውቁት የአካባቢው ሰዎች ምስክርነት የሚመዘገብበት መንገድ ስላለ ጣቢያው ድረስ ሄዶ መጠየቅ ነው። አንመዘግብም ካሉ እዚያው ጣቢያው ላይ አቤቱታ የሚሰማ ኮሚቴ አለ። እዚህም ላይ ያው ነው የምለው፤ አቤቱታውን በጽሑፍ አስገቡ፣ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። የሚቀጥለው በር ፍርድ ቤት ነውና ያለ ወረቀት አይከፈትም።

ድምፁ ደግሞ ሚስጥር ነው። ሚስጥር ማለት ባልም አያይም፣ ዕቁብ ሰብሳቢም አያይም፣ የሥራ አለቃም አያይም። ዓይነ ስውር ወይም እጁ የማይሠራለት ሰው የሚረዳውን ሰው ራሱ ይመርጣል፣ ሌላ ሰው አይመድብለትም። አንድ ሰሞን በሰፈራችን «የምርጫ ካርድ ያላወጣ ዘይትና ስኳር አይሰጠውም» ይወራ ነበር። እናቶች ካርዱን እንደ ራሽን ወረቀት ነበር የያዙት። ይህ ውሸት ነው። መምረጥ መብት ነው፣ ግዴታ አይደለም፤ ያልመረጠን ሰው የሚቀጣ ሕግ በአገራችን የለም። ካርድህን ደግሞ ለማንም አታበድርም። አንድ ነገር ልጨምር፤ ቆጠራው ሲያልቅ ውጤቱ ምርጫ ጣቢያው ላይ ይለጠፋል። ሰኔ 14 ቀን 2013 እኛ ስንመርጥ በማግስቱ ሄጄ አንብቤዋለሁ። ሐረር ያለችው አክስቴ ደግሞ እነሱ ጋ መስከረም 20 ቀን 2014 ሲመረጥ ያንኑ አደረገች። ጀጎል ውስጥ ቁጥሩን በእስክሪብቶ ገልብጣ በስልክ አነበበችልኝ። ሰባ ዓመት ያለፋት ሴት ናት። እኔ ይህን ያህል ዜጋ የሆነ ሰው አላየሁም። አክስቴ ሁሌ የምትለው አለ፤ የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ለሴቶችም ድምፅ ሲሰጥ እሷ ገና ልጅ ነበረች፣ እናቷ ግን «አባትሽ ይመርጥልኛል» ብላ ቀረች። ስንዱ ገብሩ የፓርላማ አባል ሆና በተመረጠችበት ዘመን ማለት ነው። አክስቴ ለዚያ ነው አንድም ምርጫ የማይቀርባት።

ድሬ ሆኜ የቋንቋን ነገር ሳላነሳ አላልፍም። እዚህ አንድ ሰው ጠዋት በኦሮምኛ ተነስቶ፣ ገበያ በሶማልኛ ተከራክሮ፣ ማታ በአማርኛ ይተኛል። ቢሮ ሲደርስ ግን ወረቀቱ በአማርኛ ብቻ ነው። አንዲት ሶማልኛ ብቻ የምትናገር እናት ያልገባትን ወረቀት በአውራ ጣቷ ፈርማ መጣች። «ምን እንደሚል ታውቂያለሽ?» ስላት «ጥሩ ነገር ነው ብለውኛል» አለች። ጥሩ ነገር አልነበረም። ልጇ ታስሮ ነበር፣ ወረቀቱም የእሱን ጉዳይ የሚመለከት ነበር። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ለምን እንደተያዘ በሚገባው ቋንቋ ወዲያውኑ እንዲነገረው ይላል። አለመናገርም መብቱ ነው። በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፣ ወደ ፍርድ ቤት ለመምጣት የሚፈጀው የጉዞ ጊዜ ሳይቆጠር። ተከሶ ችሎት ሲቀርብ ደግሞ ቋንቋው ካልገባው በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ ይቆምለታል፣ አንቀጽ 20 ነው። ስለዚህ ያልገባህን አትፈርም። «አንብቡልኝ፣ ተርጉሙልኝ» በል። ጣት ፊርማ ነው።

በብሔርና በሃይማኖት የሚደረገውን ልዩነት በተመለከተ አንቀጽ 25 ብዙ አያሻማም። ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ነው፤ በዘር፣ በቀለም፣ በፆታ፣ በቋንቋ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከት፣ በሀብት፣ በትውልድ ልዩነት አይደረግበትም። በዚህ ከተማ 40-40-20 የሚባለው፣ 40 በመቶ ለኦሮሞ፣ 40 ለሶማሌ፣ 20 ለሌሎች የሚለው የሥልጣን ክፍፍል ስንት ዓመት እንዳነታረከን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ብዙ ወጣት ሥራ ፍለጋ ሲሄድ «ከየትኛው ኮታ ነህ?» የተባለ ያህል እየተሰማው ተመልሷል። እኔ ስለ ፓርቲዎች ልፈርድ አልችልም። ግን በግልጽ ማስታወቂያ በወጣ ሥራ ከአንተ ያነሰ ውጤት ያለው ሰው ተወስዶ አንተ ከቀረህ፣ የፈተና ውጤትህንና የአሸናፊውን ውጤት በጽሑፍ የመጠየቅ መብት አለህ። በ2000 የወጣው አዋጅ 590 ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅን መብት አስቀምጧል፣ መልሱም በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት። ጠይቅ። አንድ ሰው ሲጠይቅ ይስቁበታል፣ አሥር ሰው ሲጠይቅ ውጤቱን ሰሌዳ ላይ መለጠፍ ይጀምራሉ።

የቤት ኪራይም አለ። «ብሔርሽ ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ አከራይ ዛሬም አለ። ከድሬ ልጅ ይህን ስሰማ አፍራለሁ። እኛ እኮ አንድ ግቢ ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን፣ ኦሮሞና ሶማሌ፣ አማራና ሐረሪ፣ ጉራጌና አርጎባ ሆነን በአንድ ቧንቧ የቀዳን ሰዎች ነን። የፋይዳ መታወቂያ እንኳ ብሔርም ሃይማኖትም አይጠይቅም። ለተከራዮች ግን ይህን ያዙ፤ በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ፣ 1320፣ ድሬዳዋንም ይመለከታል። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል፣ ከ2 ዓመት ላነሰ ጊዜ አይሆንም፣ ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር በላይ መጠየቅ አይቻልም። የስድስት ወር አምጣ የሚልህን አዋጁን አሳየው።

ስለ ትዳር ጉዳይ አንድ ነገር ብቻ። የሸሪዓ ፍርድ ቤት በሕግ የቆመ ነው፣ ብዙ ቤተሰብም እዚያ ይረካል። ሆኖም አንቀጽ 34 ሁለቱም ወገኖች ፈቅደው ሲስማሙ ነው የሚለው። አንዷ ወገን አልፈልግም ካለች መደበኛው ፍርድ ቤት አለ፣ ድሬ ውስጥ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃም ከፍተኛም ይቀመጣል። መጥሪያ ሲደርስሽ ግን አትቅሪ። ቀርበሽ «አልተስማማሁም» በዪና አስመዝግቢ። ዝም ማለትሽ እንደ መስማማት ሊቆጠርብሽ ይችላል።

«ጠበቃ የምይዝበት የለኝም» ለምትሉ፣ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ኮሌጅ በነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጥባቸው ማዕከላት አሉት። የሕዝብ እንባ ጠባቂና የሰብአዊ መብት ኮሚሽን አቤቱታ ሲቀበሉ ገንዘብ አይጠይቁም። ሁለቱም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 እንዲቋቋሙ የተባሉ ናቸው። አስተዳደር በደል ከሆነ እንባ ጠባቂ፣ የመብት ጥሰት ከሆነ ኮሚሽኑ። የትኛው እንደሆነ ካልገባችሁ ለሁለቱም ጻፉ፣ ጉዳዩ የሚመለከተውን እነሱ ይነግሯችኋል። እዚያም ስትሄዱ ቅጂ፣ ቀን፣ ቁጥር።

ለዝግጅት ክፍሉ አንድ ጥያቄ አለኝ። በሳምንት አንድ ጥግ ለእንደዚህ ዓይነት ነገር ብትሰጡ፣ አንድ አንቀጽ፣ ሰው በሚገባው ቋንቋ፣ ያለ ነጋሪት ጋዜጣ ቋንቋ። የነጋሪት ጋዜጣ አማርኛ ለእኔም ይከብደኛል፣ ለስንት ዓመት እየጻፍኩ። ቢቻል በኦሮምኛና በሶማልኛ የተተረጎመውን ለየቀበሌው ብትልኩ ሱቄ ውስጥ እለጥፈዋለሁ። አሁንም ግድግዳዬ ላይ አንቀጽ 19ንና 25ን በትልቅ ፊደል አትሜ ለጥፌያለሁ። ሰው ተራ ሲጠብቅ ያነበዋል። ፎቶ የሚያነሱም አሉ።

ዛሬ ጠዋት ያቺ ከፊራ ቲማቲም የምትሸጠው እናት መጣች። የልጇን የልደት ምስክር ወረቀት ለማውጣት አራተኛ ቀኗ ነው። ሁለት ቅጂ አተምኩላትና ሂጂ፣ ማኅተም ሳይመቱልሽ እንዳትመጪ አልኳት። «ይቆጡኛል» አለች። «ቲማቲም ገዥ ነው ብለሽ አስቢው» አልኳት። ሄደች። ልትመለስ አንድ ሰዓት ገደማ ፈጀባት፣ እኔም ሥራ ሳልሠራ በሩን በሩን ሳይ ነበር። ስትገባ ወረቀቷን ከፍ አድርጋ ይዛ፣ «አንቺ፣ አንተ አልኩት እኮ! አንተ፣ ማኅተሙን ምታልኝ አልኩት!» አለችኝ። ተቀብዬ አየሁት። ቁጥር አለው። ቀኑም አለ። ፎቶ ኮፒ አድርጌ አንዷን እኔ ጋ አስቀመጥኩላት፣ ይጠፋባታል ብዬ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ ባለቤት፣ ድሬዳዋ